ሞቃት ካንዴላ፣ ቀዝቃዛ ካንዴላ

የካንዴላ ሻጭ ሁሉ የሚያወራው ስለ ብልጭታ ነው። ባለ አራት ጥፍር፣ ባለ ኢሪዲየም ጫፍ፣ ባለ ስንጥቅ ኤሌክትሮድ፤ ማሸጊያው ላይ መብረቅ ተስሎ፣ ከሥሩ የፈረስ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ ተጽፎ። ለአሮጌ የስፖርት መኪና ካንዴላ የሚመርጥ ሰው ግን ስለ ብልጭታው ብዙ ባይጨነቅ ይሻለዋል። ጤነኛ የሆነ ካንዴላ ሁሉ ብልጭታ ይሰጣል። አንዱን ካንዴላ ለዚህኛው ሞተር ተስማሚ፣ ለዚያኛው ጠንቅ የሚያደርገው ጫፉ ሥራ ላይ እያለ ስንት ዲግሪ ላይ ይረጋል የሚለው ጉዳይ ነው።

ምሳሌያችን ኤም ጂ ቢ ይሁን። እንግሊዝ ውስጥ በአቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ሲመረት የኖረ መኪና ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ትልቁ ድርሻ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግሯል። ስለዚህ በቨርጂኒያም ሆነ በዴንቨር የሚኖር ወገናችን የመጀመሪያውን አሮጌ የስፖርት መኪና ፍለጋ ሲወጣ ከሚያጋጥሙት አንዱ ይኸው ነው። 1,798 ሲሲ የሚይዘው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሩ ከተራ የቤተሰብ መኪና የተወረሰ ሲሆን አዲስ ሳለ 95 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ቴስታታው ሳይቀር ወፍራም ብረት ነው። በአንድ ጎኑ ሁለት ኤስ ዩ ካርቡራተሮች ተሰክተዋል፤ ኮፈኑን ከፍቶ በተቃራኒው ጎን ለሚቆም ሰው አራቱ ካንዴላዎች ተሰልፈው ይታዩታል። ለመማሪያ የሚሆን ሞተር ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ የተደበቀ ነገር የለውም።

የፋብሪካው መመሪያ ቻምፒዮን ኤን 9 ዋይ ግጠም፣ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል 0.64 ሚሊሜትር ክፍተት ተው ይላል። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኘው ተተኪው ኤን 9 ዋይ ሲ ነው፤ ከጃፓኑ ኤን ጂ ኬ ደግሞ አቻው ቢ ፒ 6 ኢ ኤስ። መልሱ ይህ ነው፤ የቸኮለ አንባቢ ምዕራፉን እዚህ ላይ ቢዘጋው አልቀየምም። ነገር ግን ያ መልስ የተሰጠው ከፋብሪካ ለወጣ ሞተር፣ እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚንና ከባሕር ወለል ብዙም ላልራቀ አገር ነው። ስድሳ ዓመት ያስቆጠረው መኪና ዛሬ ከሦስቱ አንዱም ላይኖረው ይችላል።

ከሙቀቱ እንጀምር። ነዳጁ በሚነድበት ቅጽበት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ወዲያው ደግሞ ቀዝቃዛ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይገባል። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 42 ጊዜ ያህል በእሳቱና በቅዝቃዜው መካከል ይመላለሳል። ጫፉ ይህን ሁሉ ተከትሎ መጋልና መብረድ ስለማይችል መሀል ላይ አንድ ቦታ ይረጋል። ያ ቦታ ከ450 ወይም ከ500 ዲግሪ በታች ከሆነ በነጩ ሸክላ ላይ ያረፈው ጥላሸት ተቃጥሎ አይጠፋም፤ ይከማቻል። ከ850 ወይም ከ900 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ የጋለው ጫፍ ብልጭታውን ሳይጠብቅ ድብልቁን ራሱ ያቀጣጥለዋል። እንጀራ ጋጋሪ ይህን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ከፈሰሰበት ይይዛል፣ ከመጠን ካለፈ ያሳርራል።

ጥላሸት ያናድዳል እንጂ አይገድልም። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ሸክላው ሲጠቁር ከኮይሉ የመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ በክፍተቱ ላይ ከመዝለል ይልቅ በጥላሸቱ ላይ ሾልኮ ወደ ብረቱ አካል ይወርዳል። ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጠዋት እምቢ ይላል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ካንዴላው ወጥቶ ሲጸዳ ወይም ሲለወጥ ነገሩ ያበቃል። ያለጊዜው መቀጣጠል ግን ሌላ ጣጣ ነው። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ እሳቱ ቀድሞ ይነሳበትና ቁልቁል ይገፋዋል፤ በዚህ ትግል የሚፈጠረው ሙቀት ጫፉን ይብስ ያግለዋል፣ የጋለው ጫፍ ደግሞ ይብስ ቀድሞ ያቀጣጥላል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። በአውራ ጎዳና ላይ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ያላነሳ ሰው የፒስተን አናት በስቶ መኪናውን በጎታች ሊያስመልስ ይችላል። ሁለቱ ስህተቶች እኩል ዋጋ እንደማያስከፍሉ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሁለት ካንዴላ ይዞ የሚያመነታ ሰው ወደ ቀዝቃዛው ቢያዘነብል የሚከፍለው ቢበዛ የጥላሸት ዋጋ ነው።

ሞቃትና ቀዝቃዛ የሚባለው እንግዲህ ከዚህ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ግን በተሳሳተ መንገድ ይረዳዋል። ሞቃት ካንዴላ የበለጠ ትኩስ ብልጭታ አይሰጥም፣ ሞተሩንም አያሞቅም። ልዩነቱ ከውስጥ ባለው የሸክላ አፍንጫ ርዝመት ነው። አፍንጫው ረጅም ከሆነ ጫፉ ላይ ያረፈው ሙቀት ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው ብረቱ ጋ ደርሶ፣ በጥርሱና በሮንዴላው በኩል ወደ ቴስታታው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ጫፉ እንደጋለ ይቆያል። አጭር ሲሆን ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል፣ ጫፉ ይበርዳል። የኤን ጂ ኬ ካንዴላ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲቀየር የጫፉ ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ይለዋወጣል። ጥላሸት ከሚቃጠልበት ሙቀት እስከ አደጋው ያለው ርቀት አራት መቶ ዲግሪ ያህል መሆኑን ስናስብ፣ አንድ ደረጃ መሳት ብዙውን ጊዜ ይቅር የሚባል ሲሆን ሁለትና ሦስት ደረጃ መሳት ግን አይባልም።

ወደ ገበያው ስንመጣ ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ነው። ቢ ፒ 6 ኢ ኤስ የሚለውን እንፍታው። ቢ ማለት የጥርሱ ስፋት 14 ሚሊሜትር ሆኖ የመፍቻው ባለ ስድስት ጎን 20.8 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ፒ አፍንጫው ከብረቱ አካል ወጣ ብሎ ወደ እሳቱ ክፍል የሚገባ ነው ይላል። 6 የሙቀት ደረጃው ነው፤ ኢ የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር መሆኑን፣ ኤስ ደግሞ ተራው ባለ መዳብ እምብርት ዓይነት መሆኑን ይናገራሉ። በኤን ጂ ኬ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ይቀዘቅዛል። በዴንሶም እንዲሁ ነው፤ ብቻ የዴንሶ 20 የኤን ጂ ኬ 6 አቻ ነው። በቻምፒዮን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ካንዴላው ይሞቃል። የቦሽ ነገር ከሁሉ ይብሳል። በአሮጌው አጻጻፍ 225 ከ175 የቀዘቀዘ ነበር፤ በኋላ በመጣው አጻጻፍ ያው 225 ደረጃ 5፣ ያው 175 ደግሞ ደረጃ 7 ተብሎ ቁጥሩ በተቃራኒው መሄድ ጀመረ። ስለዚህ የ1960ዎቹን የፖርሽ መመሪያ በአንድ እጁ፣ ዛሬ የተገዛ የቦሽ ማሸጊያ በሌላው እጁ ይዞ "ቁጥሩ ከፍ ያለውን ስጠኝ" የሚል ሰው የፈለገውን ተቃራኒ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የአምራቹን የአቻ ሠንጠረዥ ከማየት ውጭ ሌላ መንገድ የለም፤ በግምት የሚሰላ ነገር አይደለም።

ፒ የምትለዋ ፊደል ለአሮጌ መኪና ካላት ዋጋ አንጻር ብዙም አይወራላትም። ወጣ ያለው አፍንጫ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ እሳቱ መሀል ስለሚቆም ቶሎ ይግላል፣ ጥላሸቱንም ያቃጥላል። ሞተሩ ሲፈጥን ደግሞ የሚገባው ቀዝቃዛ ድብልቅ ፊት ለፊት ይነፍስበትና ያበርደዋል። ከተማ ውስጥ ትራፊክ ላይ ቆሞ የሚውል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሚፈተለክ መኪና የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሰፊ ትከሻ ነው።

የጥርሱ ርዝመት ላይ ቀልድ የለም። የኤም ጂ ቢ ታላቅ ወንድም የሆነው ኤም ጂ ቲ ዲ በምርት ላይ እያለ ቴስታታው ተቀይሯል፤ የመጀመሪያዎቹ 12.7 ሚሊሜትር፣ የኋለኞቹ 19 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው ካንዴላ ይወስዳሉ። ሞተሮቹ በስድሳና ሰባ ዓመት ውስጥ ከአካል አካል ስለተቀያየሩ የመኪናውን የምርት ዓመት ማወቅ በቂ አይሆንም፤ ከቴስታታው የወጣውን ካንዴላ መለካት፣ ቀዳዳውንም መለካት ነው። በአጭሩ ቀዳዳ ረጅሙ ከገባ የተረፈው ጥርስ እሳቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይግላል፣ ካርቦን ይነክሰዋል፣ ሲወጣም የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ይወጣል፤ ከፒስተኑ ጋር የሚጋጭበት ሞተርም አለ። በረጅሙ ቀዳዳ አጭሩ ሲገባ ደግሞ ያልተሸፈነው የቴስታታ ጥርስ በካርቦን ይሞላና በሌላ ቀን ትክክለኛው ካንዴላ አልገባም ይላል።

እስካሁን ያልኩት በመጽሐፍ ላይ ይገኛል። ከመጽሐፍ የሚወጣው ሞተሩ ዛሬ እንዴት እንደሚኖር ስንጠይቅ ነው። ኤም ጂ ቢውን ለውድድር የሚያዘጋጅ፣ ቴስታታውን አስፍቆ እምቃቱን ያሳደገ፣ ረጅም ሰዓት በከፍተኛ ፍጥነት የሚነዳ ሰው ከ6 ወደ 7 መሄዱ ተገቢ ነው፤ ጥቅም ላይ የሚውለው ኃይል ሲጨምር ጫፉ የሚቀበለው ሙቀት ይጨምራልና። በተቃራኒው ፋሻው ያለቀ፣ በቫልቭ መሪው በኩል ዘይት የሚያወርድ ሞተር ይዞ እስኪታደስ ድረስ በ5 የሚገፋ ሰው አለ። ሞቃቱ ካንዴላ ዘይቱን እያቃጠለ ጥቂት ወራት ያሰነብታል። ምርኩዝ መሆኑ እስካልተረሳ ድረስ አልነቅፈውም፤ ብዙ ሰው ግን ምርኩዙን እግር አድርጎት ይቀራል።

ለአገልግሎት የማይመጥን ቀዝቃዛ ካንዴላ ምን እንደሚያደርግ ከፖርሽ 911 ኤስ የተሻለ አስረጂ የለም። በ1966 ብቅ ያለው ይህ መኪና ከሁለት ሊትር ሞተር 160 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር፤ ሞተሩ ለፍጥነት የተቃኘ በመሆኑ ቀዝቃዛ ካንዴላ ይፈልጋል። የጀርመን አውራ ጎዳና ላይ ችግር አልነበረበትም። በአሜሪካ ከተሞች መብራት ላይ እየቆመ በዝግታ ሲያዘግም ግን ካንዴላው በጥላሸት እየታፈነ ባለቤቶቹን አማረረ። ለ1969 ሞዴል የመጣው የቦሽ ካፓሲተር ማቀጣጠያ ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ሆነ። ተራው ኮይል ቮልቴጁን የሚያሳድገው በዝግታ ነው፤ እያደገ ሳለ በጥላሸቱ በኩል ይፈስበታል። ካፓሲተሩ ግን ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ቮልቴጁ መፍሰሻ ጊዜ ሳያገኝ ክፍተቱን ይዘላል። ካንዴላ ተመርጦ ሊፈታ ያልቻለ ችግር ካንዴላውን በሚያቀጣጥለው መሣሪያ ተፈታ ማለት ነው፤ ካንዴላና ማቀጣጠያ ከጥንትም የተሳሰሩ ናቸው። የቦሽ ባልደረባ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ በ1902 ካንዴላን ለመኪና የሚበቃ ያደረገው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚያመነጭ ማግኔቶ ጋር አጣምሮ በማቅረቡ ነበር።

በኤም ጂ ቢም ካንዴላ ሳይበደል የሚከሰስበት አንድ የተለመደ ጉዳይ አለ። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ነበር ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው። ብዙ ባለቤቶች ዘመናዊ ሬዲዮ ወይም የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ለመግጠም ሲሉ ወደ ኔጋቲቭ ይገለብጡታል። ባትሪውን ገልብጠው የኮይሉን ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ማቀያየር ሲረሱ ብልጭታው በተቃራኒ አቅጣጫ መዝለል ይጀምራል። ኤሌክትሮን ከጋለ ብረት በቀላሉ ይለቃል፤ በካንዴላ ውስጥ የበለጠ የሚግለው ደግሞ የመሀለኛው ኤሌክትሮድ ነው፤ ስለዚህ መሀለኛው ኔጋቲቭ መሆን አለበት። ሲገለበጥ ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳልም፣ ግን ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ስለጨመረ ጭነት ሲበዛበት ወይም ጠዋት ሲቀዘቅዝ ይንተፋተፋል። ባለቤቱ ካንዴላ ይለውጣል፤ አዲሱ ካንዴላ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ለጊዜው ይሻለዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ይመለሳል። ምልክቱ ከወጣው ካንዴላ ላይ ይነበባል፦ ከላይ የታጠፈው የጎን ኤሌክትሮድ ውስጡ እንደ ሳህን ጎድጉዶ ተበልቶ ከተገኘ ኮይሉን ማየት ነው።

ክፍተቱን በቶሎ እንለፈው። ፑንቲና ያለው ኤም ጂ ቢ 0.64 ሚሊሜትር ይበቃዋል። ጠንካራ ኮይልና የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የተገጠመለት እስከ 0.9 ድረስ ይሸከማል፤ ፋብሪካው ራሱ ለአሜሪካ ለላካቸው የኋለኞቹ መኪናዎች ያዘዘው ወደዚያ የሚጠጋ ነው። ክፍተት ሲሰፋ እሳቱ የሚጀምርበት ቦታ ይሰፋል፣ የሚፈለገው ቮልቴጅ ግን አብሮ ያድጋል፤ ደካማ ኮይል ላይ ሰፊ ክፍተት መተው መንተፋተፍን መግዛት ነው። ከማሸጊያው የወጣ ካንዴላ ተስተካክሎ የመጣ ነው ብሎ ማመንም አያዋጣም፤ በውፍረት መለኪያ ቅጠል ይለካ።

ከውስጡ ሬዚስተር ያለበት ካንዴላ፣ በኤን ጂ ኬ አጠራር ቢ ፒ አር 6 ኢ ኤስ፣ ጉልበት ይቀንሳል የሚል ወሬ በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ ሥር ሰዷል። አምስት ሺህ ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ነገር ግን ብልጭታው እስኪዘል ድረስ በሽቦው የሚያልፈው ጅረት ኢምንት ስለሆነ ሬዚስተሩ የመዝለያውን ቮልቴጅ አይነካም። የሚያደርገው የሬዲዮ ጩኸትን ማፈን ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ፑንቲናውን አውጥቶ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለገጠመ ሰው ግን ባለ ሬዚስተሩ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ ያ ጩኸት መሣሪያውን ሊያሳስተው ይችላልና። ፑንቲናውን ያልነካ ሰው የፈለገውን ይግጠም።

ኢሪዲየምስ? ኒኬል በ1,455 ዲግሪ፣ ፕላቲኒየም በ1,768፣ ኢሪዲየም በ2,446 ዲግሪ ይቀልጣሉ። ኢሪዲየም ጠንካራ በመሆኑ ጫፉ 0.6 ሚሊሜትር ድረስ ቀጥኖ ለረጅም ጊዜ ሳይበላ ይቆያል፤ የተራው ካንዴላ መሀለኛ ኤሌክትሮድ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ቀጭን ጫፍ በአነስተኛ ቮልቴጅ ያዘልላል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ዕድሜ ነው፤ ዕድሜ ደግሞ የሚያስፈልገው ካንዴላው ከሞተሩ ሥር ተቀብሮ ለማውጣት ግማሽ ቀን ለሚፈጅበት ዘመናዊ መኪና ነው። በኤም ጂ ቢ ላይ አራቱን ለማውጣት ቡና ከሚፈላበት ጊዜ ያነሰ ይበቃል። ባለቤቱም በዓመት ውስጥ የሚነዳው ጥቂት ነው። በእኔ ግምት በኢሪዲየሙ ገንዘብ ሁለት ሦስት ሙሉ ተራ ካንዴላ ገዝቶ በየ15,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ይሻላል፤ በወጣው ካንዴላ ላይ ሞተሩ የጻፈውን የማንበብ ዕድሉም አብሮ ይገኛል። ባለ ሦስትና ባለ አራት ጥፍሮቹን በተመለከተ፣ ብልጭታ ሁልጊዜ በአንዱ መንገድ ብቻ ነው የሚዘለው።

ተራውን ሲገዙ ግን አስመስሎ የተሠራውን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በብዛት የሚሸጥ ነገር በብዛት ይመሰላል። የመሀለኛው ኤሌክትሮድ ከጎኑ ኤሌክትሮድ ትክክል ሥር መሆኑን፣ በሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጣት ሲታሽ የማይለቅ መሆኑን፣ ሮንዴላውም በቀላሉ ወልቆ የማይወድቅ መሆኑን ማየት ጥሩ ነው። ከሌሎቹ በጣም የረከሰ ዋጋም ራሱ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ንባቡ። የድሮ መመሪያዎች ጤነኛ ካንዴላ ቡናማ ወይም ግራጫማ ቡናማ ይሆናል ይላሉ፤ ሥዕሉም በየጋራዡ ግድግዳ ተሰቅሎ ነበር። ያ ቀለም ግን በከፊል የእርሳስ ቀለም ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ቤንዚን ውስጥ ይገባ የነበረው የእርሳስ ውህድ ሲነድ በሸክላው ላይ የሚታይ ዝቃጭ ይተው ነበር። የዓለም መኪናዎች ከዚያ ነዳጅ የተላቀቁት አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና ሽያጩን ባቆመችበት በ2021 ነው። እርሳስ የሌለው ቤንዚን የሚያነድ ጤነኛ ሞተር ሸክላው ሊነጣ፣ ቢበዛ ቀለል ያለ የክሬም መልክ ሊይዝ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ነጭ ካንዴላ አይቶ "ድብልቁ ሳስቷል" ብሎ ይደነግጥና ካርቡራተሩን እያወፈረ ቡናማውን ቀለም ፍለጋ ይሄዳል፤ የሚያገኘው ጥላሸት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ድብልቁን በእርግጥ ጥቂት ያሳሳዋል፤ ኤስ ዩ ካርቡራተር ላይ ትንሽ ማወፈር ሊያስፈልግ ይችላል። ጤነኛውን ንጣት ድብልቅ ከመሳሳት ከመጣው ለመለየት ቀለሙን ትቶ ሸክላውን በማጉያ መነጽር ማየት ይረዳል፦ ለስላሳና ንጹሕ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ አረፋ ያበጠ፣ ወይም እንደ በርበሬ ፍሬ የተረጩ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ነጠብጣቦች ያሉበት ከሆነ ሞተሩ እያንኳኳ ፒስተኑን እየላጠ ነው፤ መንዳት ይቁም።

ንባቡ እውነት እንዲናገር መኪናው ሞቆ፣ ጥሩ ጭነት ላይ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ቁልፉ እዚያው መዘጋት አለበት። ሚኒሞ ላይ ሲንተከተክ ቆይቶ የወጣ ካንዴላ የሚናገረው ስለ ሚኒሞ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ካርቡራተር ያለው መኪና የሚነዳ ሰው፣ የስፖርት መኪና ይሁን ፎልስ ወይም ፊያት፣ ሌላ ጉዳይ ይጨመርበታል። ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር የአየሩን መጠን እንጂ ክብደቱን አይመዝንም፤ ለባሕር ወለል የተስተካከለው እዚህ ድብልቁን በአሥር በመቶ ገደማ ያወፍራል። በዚያ ላይ ሲሊንደሩ የሚሞላው በትንሽ አየር ስለሆነ እሳቱ ይደክማል፣ የካንዴላው ጫፍም ይበርዳል። ወፍራም ድብልቅ በበረደ ጫፍ ላይ ሲመጣ ውጤቱ ጥቁር ካንዴላ ነው። በዴንቨርም፣ በ1,600 ሜትር፣ ይኸው ነገር በመጠኑ አለ። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሞቃት ካንዴላ መግጠም ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ድብልቁን ማቅጠን ይቀድማል። በኤስ ዩ ላይ ከሥር ያለችው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ናት ሥራውን የምትሠራው፤ ወደ ላይ ስትዞር ድብልቁ ይሳሳል፣ አንድ ጎን እያዞሩ ለውጡን ማዳመጥ ነው፣ ሁለቱ ካርቡራተሮችም እኩል መሄድ አለባቸው። ድብልቁ ተስተካክሎ፣ መኪናው ከከተማ የማይወጣ ሆኖ፣ ጥላሸቱ አሁንም ካልለቀቀ፣ ያኔ ከ6 ወደ 5 መሄድ ምክንያታዊ ነው። ያንን መኪና ይዞ በፍጥነት ወደ አዋሽ ቆላ ለመውረድ ያሰበ ሰው ግን 6ቱን መልሶ ይግጠም፤ ከፍታው ሲቀንስ አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁ የበለጠ ይሳሳል፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል፣ ሦስቱም የካንዴላውን ጫፍ ሙቀት ወደ ላይ ይገፉታል።

ገጠማው በቀዘቀዘ ሞተር ላይ ይሁን። በጣት እስከሚገባ ድረስ ይግባ፤ መፍቻ የሚመጣው ሮንዴላው ከነካ በኋላ ነው። ለአዲስ ባለ 14 ሚሊሜትር ካንዴላ ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር ወይም ጥቂት አለፍ ያለ ይበቃል፤ ሮንዴላው አስቀድሞ ለተጨፈለቀ አሮጌ ካንዴላ ግን የዙሩ አሥራ ሁለተኛ እጅ ብቻ። የላላ ካንዴላ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማሳለፍ ስለማይችል ትክክለኛው ደረጃ ተመርጦም ይግላል።

ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ አራቱን አውጥቶ እንደ ቅደም ተከተላቸው ጠረጴዛ ላይ መደርደር ነው። በኤም ጂ ቢ ቴስታታ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሊንደር አንድ የጭስ መውጫ ስለሚጋሩ መሀለኞቹ ከዳርና ከዳር ካሉት በመጠኑ የበለጠ መጋላቸው የተፈጥሮ ነው። አንዱ ብቻ ከሦስቱ ተለይቶ ከጠቆረ ከአጠገቡ ካለው ጋር ቦታ አቀያይሮ እንደገና መንዳት። ጥቁረቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ይጣል። እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ገመዱን፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንና ቫልቩን መፈተሽ ይቀጥላል፤ ጥቁረቱ ርጥብና ቅባታም ከሆነ ደግሞ በቀጥታ እምቃቱን ማስለካት።